መንገድ ላይ የቀረው

ከግቢው ቧንቧ እስከ አራተኛ ፎቅ ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው። ጋሽ ጥምጥም ይህን የሚያውቀው ልቁጠር ብሎ አይደለም፤ መቁጠር አልተወው ብሎ ነው። አርባ ዓመት ሽቦ ሲጠመጥም የኖረ ሰው እጁ ቢያርፍ ልቡ ይቆጥራል። ሃያ ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ ሠላሳኛው ላይ ቆም ይላል፣ ሃምሳኛው ላይ ቆም ይላል፣ የቀረውን በጉልበት ሳይሆን በእልህ ይጨርሰዋል።

ውሃው ፎቅ መውጣት ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከከተማው ዳር ባለው የውሃ ጣቢያ ሁለት ትራንስፎርመሮች እንደ እህትማማች ጎን ለጎን ቆመው ሸክሙን እኩል ይካፈሉ ነበር፤ አንዷ ተቃጠለች። የቀረችው ብቻዋን ከአንድ ፓምፕ በላይ መጎተት ስለማትችል ውሃው ግቢ ድረስ ይመጣና ይደክመዋል።

«ጋሼ፣ ውሃው እርስዎ እጅ ላይ ነው አሉ» አለችው አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ቧንቧው ሥር ወረፋ ይዛ።

«እጄ ላይ ቢሆን በኪሴ ይዤው እወጣ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘዎት? ወገቤ አለቀ እኮ።»

«ሽቦ አይቸኩልም ልጄ። የቸኮለ ሽቦ ይቃጠላል።»

ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። የተቃጠለችው ትራንስፎርመር እሱ የሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከሱ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንጀቷ ወጥቶ ተቀምጣለች። አዲስ አንጀት የሚሠራላት እሱ ነው።

ጋሽ ጥምጥም ብሎ ስም ያወጣለት የወርክሾፑ በያጅ ነው። በያጁን ደግሞ እሳቱ ይሉታል፤ በእጁም በአፉም ስለሚያቃጥል። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለችው ሰው ጥምጥም ሲባል አዲስ የመጣ ሁሉ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከወርክሾፑ በር አይዘልም። ቤቱ ሲገባ ጀሪካኑን ያስቀምጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ መደርደሪያው ላይ ከተደፉት ሁለት ብርጭቆዎች አንዱን ያነሣል። ሁለተኛው ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠጣበት በየሳምንቱ ይታጠባል።

ሚስቱ የወርክሾፑ ወረቀት ቆራጭ ነበረች። በረድፍና በረድፍ መካከል የሚገባውን ወረቀት፣ በጥቅሉ ጫፍና ጫፍ የሚቀመጠውን ወፍራም የካርቶን ጠርዝ የምትቆርጠውም የምታቀብለውም እሷ ነበረች። እሱ የመጠምጠሚያውን እጀታ ያዞራል፤ እሷ ከጠረጴዛዋ ሆና ረድፉ የሚያልቅበትን ትጠብቃለች። የሚቆጥሩት በዘፈን ነው። በአንድ ስንኝ ሁለት ዙር፣ በሁለት ስንኝ አራት ዙር፣ ከዚያ በጠመኔ አንድ ጭረት። ዜማውን እሱ አመጣው፤ ግጥሙን ደግሞ ከሥራቸው ለቀሙት።

ከዚህ የተነሣው ከዚያ ሳይደርስ ቀርቶ፣
እኩሌታው መንገድ እኩሌታው ገብቶ።

ይህ የሱ ነው። ረድፉ ሲያልቅ እሷ ትመልሳለች፤ መልሷ ሲሰማ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፣ ጠርዙም ቦታው ገብቷል ማለት ነው።

የደረሰው ይግባ የቀረውም ይቅር፣
በሬማ ክፍት ነው ለጎደለው ፍቅር።

ሰው የፍቅር ዘፈን ይመስለዋል። እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ትራንስፎርመር ነበር። ወይም ሁለቱን ለይተው አያውቁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንስፎርመር ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፤ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ። ሽቦአቸው አይነካካም። በመካከላቸው ወረቀትና ዘይት አለ። ኤሌክትሪክ አንደኛው ውስጥ ሲገባ የማግኔት ኃይል ይነሣና ወደ ሌላው ይሻገራል፤ እዚያም እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆናል። የተነሣው ሁሉ ግን አይደርስም። ጥቂቱ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሲንከራተት ይቀራል። ያንን መጽሐፍ ሊኬጅ ኢንዳክታንስ ይለዋል፣ ወርክሾፑ አሳጥሮ ሊኬጅ ይለዋል፣ ጋሽ ጥምጥም ግን መንገድ ላይ የቀረው ነው የሚለው።

ጥቂት መቅረቱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ሁለት ትራንስፎርመሮች አንድ ሸክም ሲካፈሉ፣ መንገድ ላይ የሚቀርባቸው እኩል ያልሆነ ጊዜ ነው። ብዙ የሚቀርባት ትለግማለች፤ ሸክሙ ወደ እህቷ ትከሻ ያዘነብላል። እህቲቱ ዛሬ አትወድቅም፣ ነገም አትወድቅም። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ከድርሻዋ በላይ ስትግል ትኖርና አንድ ቀን ትቃጠላለች።

ሊኬጅን አስቀድሞ መገመት የሱ ጥበብ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው ስሌት ጥቅሎቹን ፍጹም አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው፤ ቁመታቸው እኩል፣ ጫፋቸው ትይዩ፣ ረድፋቸው ቀጥ ያለ። እንዲህ ያለ ጥቅል እሱ ጠምጥሞም አይቶም አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በመጽሐፉ ያሰላል፤ ከዚያ እጁን ጥቅሉ ላይ ዘርግቶ ጉድለቱን በጣት ይለካል። ከአንድ ወገን ቁመቱ በአንድ ጣት ካጠረ ይህን ያህል ይጨምራል፣ በሁለት ጣት ካጠረ ከእጥፍ በላይ፤ አንድ ረድፍ ካበጠ ደግሞ ያንን ያህል። ጥቁር ደብተር አለው፤ በግራ ገጽ የገመተው፣ በቀኝ ገጽ መለኪያው የተናገረው። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ሁለቱ አይተዋወቁም። ወደ መጨረሻ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ።

ጡረታው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በየስድስት ወሩ ኮንትራት እያደሰችለት ያቆየችው ኢንጂነሯ ናት። በዚህ ወር መጨረሻም ያልቃል።

«ይህቺ የውሃዋ በደህና ትውጣ እንጂ እፈርማለሁ» ብላው ነበር። «ቢሮው እጅዎ ሳይደክም አልቀረም ይላል ጋሼ። እኔ ግን መጀመሪያ ሥራው ይታይ ብያለሁ።»

እሁድ እሁድ ሴት ልጁ ትደውላለች። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች።

«አባዬ፣ ብቻህን እዚያ ምን ትሠራለህ? ክፍል አለ እኮ።»

«ሥራዬስ?»

«አሁንም ሥራ? ሽቦው አያልቅም እንዴ?»

«ያልቃል ሲሉ ይቀጠላል።»

አንድ ጊዜ ሄዶ ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። ጠዋት ሁሉም ተሯሩጦ ይወጣል፤ እሱ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይቀራል። ማታ ሁሉም ደክሞት ይገባል። ማንም አልበደለውም። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ግን አንድም ሰው ቀልዶበት አልሳቀም። ወርክሾፑ ውስጥ ቢያንስ እሳቱ ይሰድበዋል፤ የወረቀት ጠረጴዛውም መቀሷ እንደተሰቀለበት አለ። ይህ ከእጁ ከወጣ የሚቀረው ስልሳ ስምንት ደረጃና ሁለት ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ያቺን ትራንስፎርመር በደህና ማውጣት ለሱ የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ትራንስፎርመሯ ሦስት እግር አላት፤ በእያንዳንዱ እግር አንድ የውጭ ጥቅል። አንደኛውን በአራት ቀን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን በአምስት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ጠርዙን ያስገባል፣ ይዘፍናል፣ ረድፉ ሲያልቅ መልሷንም ራሱ ይዘፍናል። መልሷን ከተወው ቁጥሩ ይጠፋበታል።

ሦስተኛውን የጀመረበት ቀን ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፁን ስለዋጠው ከወትሮው ከፍ አድርጎ ዘፈነ። ከቀናት በኋላ ጥቅሉ አልቆ ወረቀቱ ሲጠቀለል እንደ ልማዱ አቀፈው። ጥቅል ሲጨርስ ያቅፋል፤ ጣቶቹ ከወዲያ በኩል የት እንደሚገናኙ ያያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥቅሎች ላይ መሃል ጣቶቹ በጥፍር ያህል ተደራርበው ነበር። በሦስተኛው ላይ አልተገናኙም።

እንደገና አቀፈው። አልተገናኙም።

ጭረቶቹን ቆጠረ፤ ዙሩ ልክ ነው። ዙሩ ልክ ሆኖ ጥቅሉ ከወፈረ፣ ቁመቱ አጥሯል ማለት ነው። ባትሪ አብርቶ የላይኛውን ጫፍ አየ። አንድ ጠርዝ መኖር በነበረበት ቦታ ሁለት ጠርዝ ተደርቦ ቆሟል። የመጀመሪያው ረድፍ በሁለት ጣት አጥሮ ቆመ፤ የቀሩትም የመጀመሪያውን ተከትለው እዚያው ቆሙ፤ ቦታ ያጣው ሽቦ አንድ ረድፍ ጨመረ።

ባትሪውን አጠፋ። ስድስት ዓመት አፉ ሁለቱን ድምፅ ሲዘፍን እጁ አልተሳሳተም ነበር። በዚያ ዝናብ ግን መጀመሪያ እንደ ብቸኛ ሰው ጠርዙን ራሱ አስገባ፤ ከዚያ መልሷን ሲዘፍን እጁ እንደ እሷ እጅ ተነሥቶ ሁለተኛውን አቀበለው። ተቀበለ። አመሰግናለሁ ማለቱንም አሁን አስታወሰው።

ሁለት ቀን ምንም አልተናገረም። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ ወረቀቱ ሁሉንም ሸፍኖታል። መለኪያውም አይደርስበትም። በወርክሾፑ ልማድ የሚለካው አንደኛው እግር ብቻ ነው፤ ሦስቱ ጥቅሎች ወንድማማች ናቸውና የአንዱ ቁጥር ለሦስቱም ይጻፋል። ይህን ልማድ ያስለመደው የሱ እጅ ነበር። ለዓመታት ሦስቱንም እየለኩ ሦስት አንድ ዓይነት ቁጥር ማየት ሰለቻቸውና ተዉት።

ዝም ቢል ውሃው በሦስተኛው ቀን ይመጣል፣ ኮንትራቱ ይፈረማል፣ እህቲቱ ደግሞ በዚያች ባንዲቱ እግሯ በኩል ከድርሻዋ በላይ መሸከም ትጀምራለች። በተቃጠለች ጊዜም ማንም የሱን ስም አያነሣም። ማታ ጀሪካኑን ይዞ ሃምሳኛው ደረጃ ላይ ሲያርፍ ይህን ሁሉ አወጣ አወረደ። ብቻውን የሚሸከም ሰው ምን እንደሚሰማው ትከሻው ነገረው።

በመለኪያው ቀን ኢንጂነሯ የውስጠኛውን ጥቅል በወፍራም መዳብ አጋጥማ ዘጋች፣ በውጭኛው ላይ ጥቂት ቮልት ለቀቀችና ሜትሩን አየች።

«ሊኬጁ አራት በመቶ» አለች። «ልክ እንደ እህቷ። እጅዎ ይባረክ ጋሼ።»

እሳቱ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «አላልኩም? ይሄ ሰውዬ ራሱ ተመለጠ እንጂ እጁ አልተመለጠም።»

ኢንጂነሯ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአንደኛው ሳጥን አራት ጻፈች። በሁለተኛው አራት ጻፈች። እስክሪብቶዋ ወደ ሦስተኛው ተሻገረ።

«እሱን ቆዪ ልጄ።»

«ምነው?»

«ሦስተኛውን አልለካሽውም።»

«መቼ ለክተነው እናውቃለን?»

«አራት ከግማሽ ነው» አለ ጋሽ ጥምጥም። «መጀመሪያ ጻፊው። ከዚያ ለኪው።»

እሷ ቀና ብላ አየችው፤ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ሳትጽፍ ገመዱን ወደ ሦስተኛው እግር አዛወረች። ሜትሩ ትንሽ ዋለለና ቆመ። ሁለት ጊዜ አየችው።

«አራት ከግማሽ» አለች ቀስ ብላ። እሳቱ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«የላይኛውን ጠርዝ ሁለቴ አስገብቼዋለሁ» አለ ጋሽ ጥምጥም።

«እንዴት ሁለቴ?»

«አንዴ እኔ፣ አንዴ እሷ።»

ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። ዓይኗ ወደ ወረቀት ጠረጴዛው ሄዶ ተመለሰ።

«ባይናገሩ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለች ኢንጂነሯ።

«እህቲቱ ታውቅ ነበር።»

ሽቦ እንደገና ለመጠምጠም አይበቃም፤ የታዘዘው የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ኢንጂነሯ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ጥምጥም ጥቁሩን ደብተር አውጥቶ የአሥራ ስምንት ዓመት ገጽ ወደኋላ ገለጠ።

«ከኋላ በር ያለችው፣ ወርክሾፓችንን የምታበራው፣ የነዚህ ሦስተኛ እህት ናት። እኔና ባለቤቴ ነን የጠመጠምናት። ተመልከች፤ በሦስቱም እግር አራት። ያን ጊዜ ሦስቱንም እንለካ ነበር። እሷን ለውሃው ስጡ። ይህቺን ከኋላ በር አቁሟት። ብቻዋን ለምትሸከም፣ መንገድ ላይ የቀረባት ማንንም አይጎዳም።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» አለ እሳቱ፣ ተረቱን ሳይጨርስ። «እኛ ደግሞ ሎሚያችን ትንሽ ነው። ትችለናለች።»

ኢንጂነሯ ገጹን ረጅም ጊዜ አየችው። «እሺ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ስለ ኮንትራቱ...»

«አውቃለሁ ልጄ። ራስሽን አታስጨንቂ።»

«በግምትዎ እኮ አልተሳሳቱም።»

«ጥቅል የሚጠመጠመው በግምት አይደለም።»

ደብተሩን ዘግቶ እጇ ላይ አደረገላት።

«ይህንን እንዴት ነው የማነበው? ሁሉም በጣት ነው የተጻፈው» አለች።

«እጅሽን አምጪ።» እጇን ከእጁ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሱ ሁለት ጣት የሷን ሦስት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «የኔ ሁለት፣ ያንቺ ሦስት። ሽፋኑ ላይ ጻፊው፤ ትረሺዋለሽ።»

ጻፈችው።

በማግስቱ ወርክሾፑ ግማሽ ቀን ጨለመ። አሮጊቷን ትራንስፎርመር በሰንሰለት አንሥተው መኪና ላይ ሲጭኗት ጋሽ ጥምጥም መዳፉን ጎኗ ላይ አኖረ። አሁንም አልበረደችም። ሆዷ ውስጥ በሚስቱ መቀስ የተቆረጠ ወረቀት ሁሉ በዘይት ርሶ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቦታው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አብሮት ጥቂት እርምጃ ሄደና በሩ ላይ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ አዲሲቷ ከኋላ በር ተተከለችና መብራቱ መጣ። ጆሮ ሰጥተው አዳመጧት።

«ይቺ ደግሞ እንዳንተ ታጉረመርማለች» አለ እሳቱ።

«የሚሰማት ስታገኝ ትተዋለች።»

«እኔ አለሁላታ። ጠዋት ጠዋት እሰድባታለሁ።» እሳቱ ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ፤ የማያስፈልግ ብረት አንሥቶ መብየድ ጀመረ።

ጋሽ ጥምጥም ካፖርቱን ጠረጴዛው አጠገብ ካለው ምስማር አወረደ። መቀሱንም ሊያወርድ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ከዚያ ተወው። መቀሱ ቦታውን ያውቃል።

ሮብ ዕለት ቤቱ እንደተቀመጠ ወጥ ቤት ያለው ቧንቧ እንደ ሰው ሳለ። አንዴ ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ቀጭን ውሃ ወረደ፤ ቀስ በቀስም ወፈረ። ከታች በመስኮት የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ይሰማል፤ ለጎረቤቷ፣ «ጋሼ አመጡት» ትላለች። ቤቱ ውስጥ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም። እጁን ከውሃው ሥር አድርጎ ቆየ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አራተኛ ፎቅ የደረሰ ውሃ ነው፤ ከመድረሱ በፊት የገፋው ኃይል በሚስቱ ወረቀቶች መካከል አልፏል።

ስልኩን አነሣ። ልጁ በሁለተኛው ጥሪ መለሰች።

«አባዬ? ምን ሆንክ? ዛሬ ሮብ እኮ ነው።»

«ምንም አልሆንኩ። ውሃ መጣ።»

«ምን መጣ?»

«ውሃ። ፎቅ ድረስ።»

ከወዲያ ልጆች ይጣላሉ፣ ድስት ይከደናል። «ጎሽ» አለች። «ሥራህስ?»

ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ነበረው። ቧንቧውን እያየ ፈለገው።

«ሽቦው አለቀ» አለ።

«እሁድ በደንብ እናወራለን፣ እሺ አባዬ? አሁን እነዚህ ሊፋጁብኝ ነው።»

«እሺ። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ስልኩን አስቀምጦ ሁለቱን ብርጭቆዎች አጠበ። ከአፉ ያ ዜማ ወጣ፤ ከዚህ የተነሣው ከዚያ ሳይደርስ ቀርቶ። ሁለቱን ስንኝ እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ረድፉ አለቀ። መልሱን ሊጀምር ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። የሷን ቦታ ለሷ ተወላት።

ቧንቧውን ዘጋና ቆሞ አዳመጠ።